ለሚያድጉ ከብቶች ማዕድን ስለ መስጠት
በድርቅ ለተጎዱና በሠፈራ ለተያዙ አካባቢዎች የቀረበ ትምህርት

መግቢያ

ድርቅ ባለፈበት አካባቢ የተጎዳውን ሕዝብ መልሶ ለማቋቋም ከሚሰጡት እርዳታዎች አንዱ ከብት ነው። ለአንድ ቤተ ሰብ አንዲት ጊደር ወይም ሁለት ሦስት የፍየል ግልገሎች ሲሰጡ ዓላማው የዕለት ጉርስ ማቅረብ ሳይሆን፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ወተት፣ ጥጃና የእርሻ በሬ እንዲገኝ ነው። ስለዚህ የተሰጠችው ጊደር በሕይወት መኖሯ ብቻ አይበቃም፤ ማደግ፣ ኮርማ መፈለግና መውለድ አለባት። ሳትሞት ነገር ግን ሳታድግ የቀረች ጊደር በሪፖርት ላይ በሕይወት ካሉት ጋር ብትቆጠርም፣ ለባለቤቷ ሸክም እንጂ ጥሪት ልትሆን አትችልም።

ይህ ትምህርት የሚመለከተው ለዚህ ዓይነቱ ዕድገት ማጣት ምክንያት ከሚሆኑት መካከል አንዱን፣ ይኸውም የማዕድን ጉድለትን ነው። ፍሬ ነገሩ በሁለት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፣ ማዕድን ውሃንና መኖን አይተካም፤ በተራበና ክብደቱ በሚቀንስ ከብት ላይ የሚያመጣው ለውጥ እጅግ ትንሽ ነው። ሁለተኛ፣ ዝናብ ጥሎ ሣር ሲበቅልና ከብቱ ማደግ ሲጀምር ግን፣ ማዕድን ከጎደለ ሣሩ ብቻውን አጥንትና ሥጋ ሊሆን አይችልም። በእርዳታ ሥራ ላይ ግን የዚህ ተቃራኒ ሊፈጸም ይችላል። የሚላሰው ማዕድን በድርቁ ወራት በጥድፊያ ይጠየቃል፤ መሬቱ ሲለመልም ደግሞ ከእንግዲህ ሣር አለ ተብሎ ይቋረጣል። እንዲህ ሲሆን ገንዘቡም ጊዜውም ያለ ጥቅም ይባክናል።

1. ማዕድናት በሚያድግ አካል ውስጥ ያላቸው ተግባር

ከብት ከሚመገበው መኖ ውስጥ ማዕድናት የሚይዙት ድርሻ ጥቂት ቢሆንም ያለ እነርሱ የቀረው መኖ ሥራውን አይሠራም። በዚህ ጽሑፍ በተለይ የምንመለከታቸው ሦስቱን፣ ማለትም ካልሲየምን፣ ፎስፈረስንና የጨው ዋና ክፍል የሆነውን ሶዲየምን ነው።

በአካል ውስጥ ካለው ካልሲየም ከመቶ 99 ያህሉ፣ ከፎስፈረሱም ከመቶ 80 ያህሉ የሚገኘው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው። የቀረው የፎስፈረስ ክፍል በሥጋና በደም ውስጥ ሆኖ አካል ከመኖ ያገኘውን ጉልበት እንዲጠቀምበት ያደርጋል። ከዚህም በላይ፣ በሚያመሰኩ እንስሳት ትልቁ ሆድ ውስጥ ሆነው ጭድንና ደረቅ ሣርን የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት ፎስፈረስ ያስፈልጋቸዋል። በዚህም ምክንያት ፎስፈረስ የጎደለው ከብት የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል። ሣር ከፊቱ እያለ ጥቂት ግጦ ይተዋል፤ የሚበላውም በሚገባ አይፈጭለትም።

አጥንትን እንደ ጎተራ ልንቆጥረው እንችላለን። መኖው ሲጎድል አካል ከአጥንቱ ካልሲየምና ፎስፈረስ እያወጣ ይጠቀማል፤ በደጉ ጊዜ ደግሞ መልሶ ያጠራቅማል። ያደገች ላም ጎተራዋ ሙሉ ስለሆነ አንድ ክፉ ወቅት ልታሳልፍበት ትችላለች። የጥጃና የጊደር ጎተራ ግን ገና በመሠራት ላይ ያለ ነው። ስለሆነም ጉድለቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው በሚያድጉት ላይ ነው፤ ቁመታቸው ይቀጭጫል፣ መገጣጠሚያቸው ይደነድናል፣ ሲራመዱም ያነክሳሉ፤ ጊደሮችም ኮርማ የሚፈልጉበት ዕድሜ ይዘገያል።

ሶዲየም የተለየ ጠባይ አለው። አካል ብዙ አጠራቅሞ ሊያቆየው ስለማይችል በየጊዜው መገኘት አለበት። የሚያመሰኩ እንስሳት ከፍተኛ መጠን ያለው ምራቅ የሚያመነጩ ሲሆን ይህ ምራቅ በሶዲየም የተሞላ ነው። ሶዲየም የጎደላቸው ከብቶች ግድግዳ፣ የዕቃ እጀታና ሽንት የረጠበውን መሬት ሲልሱ የሚታዩት ስለዚህ ነው።

2. ለምለም ሣር ሁሉ የተሟላ መኖ አይደለም

በሣር ውስጥ ያለው ማዕድን እንደ አፈሩና እንደ ወቅቱ ይለያያል። ሣር ገና ለምለም ሳለ ፎስፈረሱ ከደረቅ ክብደቱ ከመቶ 0.2 ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል፤ አብቦና ዘርቶ ሲደርቅ ግን ከመቶ 0.1 በታች ሊወርድ ይችላል። የእህል ጭድና አገዳም ከዚህ አይሻሉም። በድርቅ አካባቢ ያለው ከብት ለወራት የሚኖረው በዚህ ዓይነቱ መኖ ስለሆነ፣ ዝናብ በሚመለስበት ጊዜ የአጥንቱ ጎተራ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል።

በሠፈራ አካባቢዎች ያለው ችግር ከዚህ ይለያል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በችኮላና በግዴታ ጭምር በተካሄደው ሠፈራ 600,000 ያህል ሰዎች በብዛት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥተው ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ ተወስደዋል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም በየክልሉ ውስጥ ሌላ የሠፈራ ሥራ ተካሂዷል። ከደረቅ አገር የመጣ ገበሬ በምዕራቡ ክፍል ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣር ሲያይ ከብት የሚረባበት ቦታ እንዳገኘ ቢቆጥር አያስገርምም። ይሁን እንጂ ብዙ ዝናብ የሚዘንብበት አፈር ሶዲየሙ በውሃ ታጥቦ የሚሄድበት ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ በሰፊው የሚገኘው ቀይና ኮምጣጣ አፈርም በውስጡ ያሉት ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን ጠፍረው ስለሚይዙት ተክሉ በቀላሉ ሊስበው አይችልም። ስለዚህ ሣሩ ረጅምና ብዙ ሆኖ ሳለ ከብቱን የማያሳድግበት ሁኔታ ይፈጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቆላማ የሠፈራ ቦታዎች ከብትን የሚያከሱ ሌሎች ምክንያቶች አሉ፤ ከእነዚህም ዋናዎቹ ገንዲና የሆድ ትላትል ናቸው። ገንዲ የያዘውን ወይፈን ማዕድን አያድነውም። በመሆኑም ዕድገት ያጣ መንጋ ሲታይ የመጀመሪያው ተግባር የእንስሳት ሐኪም አስመርምሮ በሽታ መኖር አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው።

3. የአገሩ ልማድና የልማዱ ልክ

አርቢው ሕዝብ ከብት ጨው እንደሚያስፈልገው የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም። ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ እየተቆረጠ በግመል የሚወጣው አሞሌ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የቆየ ሲሆን፣ ለከብትም ይሰጥ ነበር፤ እስከ አሁንም ይሰጣል። በቦረና ከኤል ሶድ ጉድጓድ ውስጥ እየጠለቁ የሚያወጡት ጥቁር የጨው ጭቃ ለመንጋ ይቀርባል። በስምጥ ሸለቆና በአካባቢው ቦሌ የሚባለው ጨዋማ አፈር በገበያ ይሸጣል። በወለጋና በኢሉባቦር ደግሞ ከብት በየጊዜው ወደ ሆራ ተነድቶ ማዕድን ያለበትን የምንጭ ውሃ እንዲጠጣ ይደረጋል።

ይህ ልማድ ሊናቅ አይገባውም። ሠፋሪዎች ወደ አዲስ ቦታ ሲመጡ ከሚያጡት ነገር አንዱ የትኛው ምንጭ ሆራ እንደሆነና የትኛው አፈር እንደሚላስ የሚነግራቸው ዕውቀት ነው። የአካባቢው ነባር ነዋሪዎች ግን ያውቁታል። ሠፈራ ሲታቀድ ወደ ሆራ የሚወስደው የከብት መንገድ በእርሻ እንዳይዘጋ ማድረግና ሠፋሪውና ነባሩ በጋራ የሚጠቀሙበትን ሥርዓት ከሽማግሌዎች ጋር መወሰን ከማንኛውም ግዥ የሚቀድም ሥራ ነው። ይህ ባለመደረጉ የሚነሣው ጠብ ከከብት ዕድገትም በላይ ጉዳት ያደርሳል።

ሆኖም የልማዱን ልክ ማወቅ ያስፈልጋል። አሞሌ፣ ቦሌና ሆራ በዋናነት የሚሰጡት ሶዲየም ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ካልሲየምና ሌሎች ማዕድናት ሊኖሩባቸው ቢችልም ፎስፈረሳቸው አብዛኛውን ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ቦሌ የሚልስ መንጋ ጨው አልጎደለበትም ማለት ይቻላል እንጂ ማዕድን ተሟልቶለታል ማለት አይቻልም። ከብት ጨው ለማግኘት ያለውን ፍላጎት በግልጽ ያሳያል፤ አርቢውም ይሰማዋል። የፎስፈረስ ጉድለት ግን ድምፅ የሌለው ጉድለት ስለሆነ በልማድ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል።

4. አጥንት ማኘክ፤ ምልክቱና አደጋው

የፎስፈረስ ጉድለት ምልክት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ከብት አጥንት፣ ጨርቅ፣ ቆዳና ድንጋይ ማኘክ መጀመሩ ነው። ይህ ምልክት ብቻ ሳይሆን ለሌላ ሞት መግቢያ በር ጭምር ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ ከብቶች እየሰነፉ መነሣት አቅቷቸው የሚሞቱበት በሽታ ብዙ መንጋ ይፈጅ ነበር። አርኖልድ ታይለር የተባሉት የእንስሳት ሐኪምና የሥራ ጓደኞቻቸው አርሙድስቭላክቴ በተባለው እርሻ ላይ ባደረጉት ምርምር፣ የሜዳው ሣር ፎስፈረስ ስለሚያንሰው ከብቶቹ የሞቱ እንስሳትን አጥንት እንደሚያኝኩና በአጥንቱ ላይ በቀረው ብስባሽ ውስጥ ያለው የቦቱሊዝም መርዝ እንደሚገድላቸው አረጋገጡ። የአጥንት ዱቄት በተሰጣቸው ጊዜ አጥንት ማኘካቸውን ከመተዋቸውም በላይ የተሻለ ክብደት ጨመሩ፤ ላሞቹም ብዙ ጥጃ ወለዱ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሁለት ትምህርት አለው። የመጀመሪያው፣ ድርቅ ባለፈበት ሜዳ ላይ የሞቱ ከብቶች አጥንት በየቦታው ተበትኖ ስለሚቀር ጉድለቱና መርዙ በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። ከጥቅምት 2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በአጎራባች አካባቢዎች አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ባለመሳካታቸው በጣም ብዙ ከብት አልቋል። በእንዲህ ያለ ቦታ የተረፈውን መንጋ ለማሳደግ ሲታሰብ ሬሳን መቅበር ወይም ማቃጠል ከሥራው አንዱ ክፍል መሆን አለበት።

ሁለተኛው፣ አጥንት ፎስፈረስ ያለው ነገር ነው ተብሎ ከሜዳ እየተለቀመና እየተፈጨ እንዳይሰጥ ነው። አባ ሰንጋ በአገራችን በብዙ ቦታ የሚገኝ በሽታ ሲሆን ዘሩ በአፈርና በሬሳ ላይ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ አጥንቱን የሚለቅመውን ሰውም ይይዛል። ከ1980ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በብሪታንያ የታየው የዕብድ ላም በሽታም በሥጋና በአጥንት ዱቄት አማካይነት የተስፋፋ በመሆኑ፣ ለሚያመሰኩ እንስሳት እንዲህ ያለውን ዱቄት መስጠት በብዙ አገሮች ታግዷል። በመሆኑም ሊመረጥ የሚገባው በፋብሪካ የተዘጋጀው ዳይካልሲየም ፎስፌት ነው። እርሱ ካልተገኘ ፉርሽካና ፋጉሎ ይቀጥላሉ። የአጥንት አመድ የመጨረሻው አማራጭ ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን በሐኪም ከተመረመረ ቄራ የተገኘ አጥንት ጥቁርነቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ነጭ እስኪሆን ድረስ ከተቃጠለ በኋላ፣ በእንስሳት ሐኪም ፈቃድና ቁጥጥር ብቻ የሚሰጥ መሆን አለበት።

5. የመጠን ስሌት

መጠኑን ለማስላት 150 ኪሎ ግራም የምትመዝንና በቀን 300 ግራም ያህል ክብደት እንድትጨምር የሚፈለግ አንዲት ጊደር እንውሰድ። ይህች ጊደር በቀን 4 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ መኖ ትበላለች።

ፎስፈረስ፦ የሚያስፈልጋት ከመኖው ከመቶ 0.2 ያህል ስለሆነ በቀን 8 ግራም ነው። የምትበላው ድርቆሽ ፎስፈረሱ ከመቶ 0.08 ቢሆን የምታገኘው 3.2 ግራም ብቻ ነው። ጉድለቱ ወደ 5 ግራም ይጠጋል። ይህን ጉድለት ለመሙላት፣
ሀ) የስንዴ ፉርሽካ ፎስፈረሱ ከመቶ 1 ያህል ስለሆነ በቀን ግማሽ ኪሎ ግራም ይበቃል፤
ለ) ዳይካልሲየም ፎስፌት ፎስፈረሱ ከመቶ 18 ያህል ስለሆነ በቀን 28 ግራም ይበቃል።

ጨው፦ የሚያስፈልጋት ሶዲየም ከመኖው ከመቶ 0.08 ያህል፣ ማለትም በቀን 3.2 ግራም ነው። ከገበታ ጨው ውስጥ ሶዲየም የሆነው ከመቶ 39 በመሆኑ 8 ግራም ጨው ይህን ይሞላል። የሚባክነው ታስቦ በቀን 15 ግራም ቢመደብ ከበቂ በላይ ነው።

ካልሲየም፦ በግጦሽ የሚኖር ከብት ከሣርና ከቅጠል አብዛኛውን ጊዜ በቂ ካልሲየም ያገኛል። ስለዚህ የጎደለው ፎስፈረስ ሆኖ ሳለ የኖራ ድንጋይ ዱቄት መስጠት ችግሩን አያቃልልም፤ እንዲያውም በሁለቱ መካከል ያለውን ሚዛን ያፋልሳል። ከዚህ የሚለየው ከብቱ በብዛት ፉርሽካ በሚመገብበት ጊዜ ነው፤ ፉርሽካ ፎስፈረስ የበዛበትና ካልሲየም ያነሰበት ስለሆነ ያን ጊዜ ጥቂት የኖራ ድንጋይ ዱቄት መጨመር ተገቢ ነው። ለግድግዳ የሚሆነው የተቃጠለ ኖራ ግን አፍና ጉሮሮ ስለሚያቃጥል ከቶ አይሰጥም።

አሁን ይህንኑ ስሌት ለዕቅድ እናውለው። 100 ጊደሮችን ለ120 ቀናት ለመያዝ 1.8 ኩንታል ጨውና 3.4 ኩንታል ያህል ዳይካልሲየም ፎስፌት ያስፈልጋል። በዳይካልሲየም ፎስፌት ምትክ ፉርሽካ ቢመረጥ ግን 60 ኩንታል ማጓጓዝ ግድ ይሆናል። የመጀመሪያው በአንዲት ትንሽ መኪና የሚሄድ ጭነት ሲሆን ሁለተኛው የከባድ መኪና ጭነት ነው። በሌላ በኩል ፉርሽካው ፎስፈረስ ብቻ ሳይሆን ጉልበት ሰጪና ገንቢ ምግብም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሣር በሌለበት ወራት ፉርሽካና ፋጉሎ፣ ሣር በሞላበት ወራት ደግሞ ዳይካልሲየም ፎስፌት ቢመረጥ ገንዘብም ጉልበትም ይቆጠባል።

ለአሰጣጥ እንዲመች አንድ እጅ ጨውና አንድ እጅ ዳይካልሲየም ፎስፌት ተቀላቅሎ ጣሪያ ባለው ገንዳ ውስጥ ሊቀርብ ይችላል። ዳይካልሲየም ፎስፌት ብቻውን የማይጣፍጥ በመሆኑ ጨው ከብቱን ወደ ገንዳው ይስበዋል። ሆራ ወይም ቦሌ በብዛት በሚገኝበት ቦታ ግን ከብቱ ጨው ስለማይርበው ወደ ገንዳው ላይቀርብ ይችላል፤ ያን ጊዜ ፎስፌቱን በጥቂት ፉርሽካ አሽቶ መስጠት ይሻላል።

ፍየል ቅጠል በል በመሆኗ ከሣር የተሻለ ማዕድን ያለበት መኖ ታገኛለች። ስለዚህ ለግልገሎች ዋናው ነገር ጨው ሲሆን 12 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ግልገል በቀን 2 ግራም ያህል ይበቃል። ገና በመጥባት ላይ ላሉ ጥጆችና ግልገሎች ማዕድኑ የሚደርሳቸው በእናታቸው በኩል ስለሆነ መሰጠት ያለበት ለእናቲቱ ነው። ቤተ ሰቡ ከችግሩ የተነሣ ወተቱን ሁሉ አልቦ ጥጃው ተርቦ ከሆነም መድኃኒቱ ማዕድን ሳይሆን ለቤተ ሰቡ ራሽን መጨመር መሆኑን የእርዳታ ሠራተኛው ሊረዳው ይገባል።

6. ጊዜውን ስለ መምረጥ

በድርቅ ወራት ከብት ክብደቱን እየቀነሰ ሲሄድ የገዛ ሥጋውንና አጥንቱን እየበላ ይኖራል። ከአጥንቱ የሚወጣው ፎስፈረስ ለዚያች ትንሽ ኑሮው ስለሚበቃው ተጨማሪ ፎስፈረስ ቢሰጠው የሚሠራበት ነገር የለም። በዚያን ጊዜ የጎደለው ውሃ፣ ቀጥሎም ጉልበት ሰጪና ገንቢ መኖ ነው። ዝናብ ሲመለስና ለምለም ሣር ሲገኝ ግን ሁኔታው ይገለበጣል። ጉልበትና ገንቢ ምግብ ይሞላል፤ ዕድገት ይጀምራል፤ የፎስፈረስ ፍላጎቱም ወዲያው ከፍ ይላል። ፎስፈረስ ባነሰው አፈር ላይ የበቀለው ሣር ይህን ፍላጎት ሊያሟላ ስለማይችል ዕድገቱ በፎስፈረሱ ልክ ተወስኖ ይቀራል። በሰሜን አውስትራሊያ፣ መሬታቸው ፎስፈረስ ያነሰው ከብት አርቢዎች ፎስፈረስን በተለይ በዝናብ ወራት፣ ለደረቅ ወራት ደግሞ ገንቢ ምግብን እንዲያስቀድሙ የሚመከሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚከተለው የግዥና የመጓጓዣ ዕቅድ ነው። ክረምት በሰኔ በሚገባበት አካባቢ ዳይካልሲየም ፎስፌቱ መንገድ በጭቃ ሳይዘጋ፣ በግንቦት መጨረሻ በየጣቢያው መድረስ አለበት። ለዚህም ግዥው በበጋው አጋማሽ መጀመር ይኖርበታል። በቦረናና በመሰል አካባቢዎች ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንብ ስለሆነ ቀኑ በዚያው ልክ ወደ ፊት ይመጣል። ጆንያዎቹ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ጣሪያው በማያፈስ መጋዘን ካልተቀመጡ እርጥበት ስቦ ድንጋይ ያደርጋቸዋል።

7. ጥንቃቄዎች

ጨውና ውሃ። ውሃ የተጠማ ከብት ብዙ ጨው ከላሰ ይመረዛል፤ ሊሞትም ይችላል። በቦረና በደረቅ ወራት ከብት በየሦስት ቀን ወደ ጉድጓድ በሚወርድበት ጊዜ ጨው መሰጠት ያለበት ውሃው በሚገኝበት ዕለት፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ለረጅም ጊዜ ጨው ያላገኘ መንጋ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እየተሻማ ስለሚልስ መጠኑ በሰው እጅ መወሰን አለበት።

ዩሪያ። ከሞላሰስ፣ ከዩሪያና ከጨው የሚሠራው የሚላስ ጡብ ለአዋቂ ከብት ጥሩ የበጋ ድጎማ ነው። ነገር ግን ትልቁ ሆዳቸው ገና ላልጎለመሰ ጥጆችና ግልገሎች፣ እንዲሁም ለአህያና ለፈረስ አይሰጥም። በጣም የተራበ ከብትም ጡቡን ነክሶ በብዛት ከበላ ዩሪያው ይገድለዋል።

መዳብ። በስምጥ ሸለቆ የመዳብ ጉድለት መኖሩ በምርመራ የተረጋገጠ ሲሆን፣ በዚያው አካባቢ በግልገሎች ላይ የኋላ እግር መልፈስፈስ ታይቷል። ይሁን እንጂ በግ መዳብ ሲበዛበት በቀላሉ የሚመረዝ እንስሳ ስለሆነ ለከብት የተዘጋጀ መዳብ ያለበት ቅልቅል ለበግ እንዳይሰጥ።

አዮዲን። የሰው እንቅርት በሚበዛበት ደጋ ግልገሎችም አንገታቸው አብጦ ሊወለዱ ይችላሉ። በዚህ ዓይነት ቦታ አዮዲን የተጨመረበት ጨው ለከብትም ቢመረጥ መልካም ነው።

8. በአነስተኛ ሙከራ ስለ ማረጋገጥ

ጉድለት መኖሩን በአፈር፣ በሣርና በደም ምርመራ ማወቅ ይቻላል፤ ዳሩ ግን በብዙ ጣቢያ ላቦራቶሪ አይገኝም። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት በየጣቢያው የሚከተለው ሙከራ ቢደረግ ይመከራል።

ዕድሜያቸውና አካላቸው የተቀራረበ 20 ጤነኛ ጊደሮች ይመረጡ። የደረታቸው ዙሪያ በሜትር ተለክቶ ተመሳሳዮቹ ጥንድ ጥንድ ይደረጉ። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዷ በዕጣ ወደ አንደኛው፣ ሌላዋ ወደ ሁለተኛው ምድብ ትግባ። ሁሉም በአንድ ሜዳ ይሰማሩ፤ ማታ በየምድባቸው ታስረው ለእያንዳንዷ 100 ግራም ፉርሽካና 15 ግራም ጨው ይሰጥ። ለአንደኛው ምድብ ብቻ 28 ግራም ዳይካልሲየም ፎስፌት ይጨመር። ሙከራው በዝናብ ወራት ለ90 ቀናት ይቆይ፤ ልኬቱም በየ30 ቀኑ፣ ጧት ውሃ ከመጠጣታቸው በፊት፣ በአንድ ሰው እጅ ይወሰድ።

በሁለቱ ምድቦች መካከል ግልጽ ልዩነት ከታየ የግዥው ጥያቄ ማስረጃ አገኘ ማለት ነው። ልዩነት ካልታየ ደግሞ ገንዘቡ ለክትባት፣ ለውሃ ወይም ለመኖ ይዋል። በ10 ጊደሮች የሚታየው ትልቅ ልዩነት ብቻ መሆኑ አይዘንጋ፤ ቢሆንም ለእርዳታ ሥራ የሚፈለገውም ትልቁ ልዩነት ነው። ሙከራው ሲያበቃ ውጤቱ ለባለ ከብቶቹ ተነግሮ፣ ጥቅም ከታየ ሁለተኛው ምድብም ድርሻውን ማግኘት አለበት። ከብቱ የሰው ጥሪት እንጂ የመሥሪያ ቤት መሞከሪያ ብቻ አይደለምና።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ለሥራ እንዲመች በሚከተሉት ነጥቦች ይጠቃለላል፤
1ኛ) ዕድገት ያጣ መንጋ ሲታይ አስቀድሞ ገንዲና ትላትል መኖራቸው ይመርመር።
2ኛ) በድርቅ ወራት ውሃና መኖ ይቅደም፤ ጨው ውሃ በሚገኝበት ዕለት በልክ ይሰጥ።
3ኛ) ፎስፈረስ ዝናብ ሲገባ ይጀመር፤ ግዥውም ለዚህ በሚያደርስ ጊዜ ይታቀድ።
4ኛ) ወደ ሆራ የሚወስዱ መንገዶች በሠፈራ ዕቅድ ውስጥ ይጠበቁ፤ አሞሌና ቦሌ ለጨው ይበቃሉ፣ ለፎስፈረስ ግን አይበቁም።
5ኛ) ከሜዳ የተለቀመ አጥንት አይሰጥ፤ ሬሳ ይቀበር ወይም ይቃጠል።
6ኛ) ሰፊ ግዥ ከመደረጉ በፊት በአነስተኛ ሙከራ ይረጋገጥ።

ለአንድ ችግረኛ ቤተ ሰብ የተሰጠች ጊደር ከምትጠይቀው ወጪ ጋር ሲነጻጸር በቀን 15 ግራም ጨውና 28 ግራም ፎስፌት እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ጥቂት ነገር በጊዜው ካልደረሰ ግን ጊደሯ መውለድ በሚገባት ዓመት ሳትወልድ ትቀራለች፤ ቤተ ሰቡም ሌላ ዓመት ራሽን ይጠብቃል። የእርዳታ ሥራ የሚመዘነው ከብት በማደሉ ሳይሆን የታደለው ከብት በደጃፉ ጥጃ ይዞ በመታየቱ ስለሆነ፣ በየጣቢያው ያላችሁ ኃላፊዎችና የልማት ሠራተኞች የማዕድኑን ጉዳይ ከክረምቱ ዝግጅት ጋር አብራችሁ እንድታቅዱት ይገባል።